የሚሲሲፒ ድረምና የተረሳ ውለታው

ድረም የሚባለውን የወንዝ ዓሣ ራስ በቢላ የሰነጠቀ ሰው ከአንጎሉ በታች፣ በግራና በቀኝ፣ ሁለት ነጫጭ ድንጋዮች ያገኛል። ዝሆን ጥርስ የመሰሉ ልስልስ ድንጋዮች ናቸው። ዓሣው የሚሰማባቸውና ሚዛኑን የሚጠብቅባቸው የጆሮ ድንጋዮች ናቸው። በአንዱ ገጻቸው ላይ የላቲኑን «ኤል» ፊደል የሚመስል ጭረት ስላለ፣ የሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ልጆች የዕድል ድንጋይ ብለው ኪሳቸው ውስጥ ይይዟቸዋል። አርኪዮሎጂስቶች ደግሞ የአሜሪካን ነባር ሕዝቦች ጥንታዊ መንደሮች ሲቆፍሩ ያገኟቸዋል፤ ዓሣው ጨርሶ በማይኖርባቸው በዩታና በካሊፎርኒያ ሳይቀር። ሰው ከአገር አገር ይዟቸው ዞሯል ማለት ነው።

እኔ በምኖርበት በሚኒሶታ ይህ ዓሣ «ረፍ ፊሽ» ከሚባሉት ተራ ይመደባል። ለስፖርት ከሚፈለገው ከዎልአይ ጋር አይቆጠርም፤ ብዙ ሰው ሲይዘው ፊቱን ያጨማድዳል። ያደግሁት ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ነው። እዚያ ቀረሶ ተሽቀዳድመው የሚገዙት ዓሣ ሲሆን፣ አምባዛ ግን ቅርፊት የለውም ተብሎ ብዙ ክርስቲያን ቤት አይገባም ነበር። ድረም ግን ቅርፊቱም ክንፉም የተሟላ፣ ሥጋው ነጭና ጠንካራ ነው። እንግዲህ ምን በድሎ ተናቀ? ይህን ጥያቄ ይዤ ታሪኩን ስከታተል የደረስኩት ዓሣ ገበያ ሳይሆን ቁልፍ ፋብሪካ ነው፤ የሸሚዝ ቁልፍ።

ነገሩ እንዲህ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ1890 የአሜሪካ ኮንግረስ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ ቀረጥ ከፍ አደረገ፤ ከውጭ የሚመጣ ቁልፍም ተወደደ። ጆን ቤፕል የሚባል ጀርመናዊ ቁልፍ ሠሪ ይህን አይቶ፣ በ1891 አዮዋ ውስጥ በሚሲሲፒ ዳር ባለችው መስካቲን ከተማ ሥራ ጀመረ። የወንዙ አልጋ ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል ተነጥፎበት ነበር። ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ትተው ዛጎል ለቀማ ገቡ። ብዙ መንጠቆ የተንጠለጠለበት ረጅም ዘንግ ከጀልባ ኋላ ይጎትታሉ፤ ዛጎሉ መንጠቆ ሲነካው ክዳኑን ግጥም ያደርጋል፣ እንደነከሰ ተጎትቶ ይወጣል። ከዚያ በእንፋሎት ይቀቀላል፣ ሥጋው ይወጣል፣ ሉል ይኖር እንደሆነ በጣት ይዳሰሳል። ቀሪው ዛጎል ቁልፍ ሆኖ እንዲቆረጥ ወደ ቆራጮቹ ይሄዳል። በ1905 መስካቲን ብቻዋን በዓመት 1.5 ቢሊዮን ያህል ቁልፍ ታመርት ነበር።

የተረፈውን ዛጎል እዚያች ከተማ ባለው የቁልፍ ሙዚየም በእጄ ይዤ አይቼዋለሁ። የእጅ መዳፍ የሚሞላ ወፍራም ዛጎል ነው፤ ውስጡ እንደታጠበ ያበራል፤ ክብ ክብ ቀዳዳዎች ጎን ለጎን ተበስተውበታል። በቀዳዳና በቀዳዳ መካከል የቀረው ስስ ግድግዳ ቆራጩ ቦታ ላለማባከን ምን ያህል እንደተጠነቀቀ ይናገራል። ሠራተኞቹ የሚከፈላቸው በቆረጡት ልክ ስለነበር ለእነሱ ስንዝር ዛጎል እንጀራ ነው። በ1911 ሠራተኞቹና ባለፋብሪካዎቹ በክፍያና በአቆጣጠር ተጣልተው ከተማይቱ በጭንቅ ከርማለች፤ ብዙ ሴቶችም ከሠራተኞቹ ጋር ቆመዋል።

ዛጎሉም እያለቀ ሄደ። ሊቃውንት ምክንያቱን ሲመረምሩ አጥማጆች ያላዩትን ነገር አገኙ፦ ዛጎል ያለ ዓሣ አይወልድም። እናቲቱ የምትለቃቸው ጥቃቅን እጮች የዓሣ ስንጥብ ላይ ተጣብቀው ለሳምንታት ይኖራሉ፤ ካደጉ በኋላ ተላቀው አሸዋ ላይ ያርፋሉ። እያንዳንዱ የዛጎል ዝርያ የሚስማሙት ዓሦች አሉት። ለቁልፍ ይፈለግ የነበረው «ቢራቢሮ» የሚሉት ዛጎል ከሚያድግባቸው ዓሦች አንዱ ድረም ነው፤ ሌሎችም ብዙ ዝርያዎች በእሱ ስንጥብ ላይ ያድጋሉ። ድረም በጉሮሮው ባሉት ጠንካራ ጥርሶች ዛጎል እየሰበረ ይበላል፤ የሚበላውንም ዘር ተሸክሞ ይዞራል። ኤቦኒሼል የተባለው ምርጥ ዛጎል ዓሣው ስኪፕጃክ ነበር። በ1913 ኪኦኩክ ላይ ትልቅ ግድብ ሲቆም ስኪፕጃክ ወደ ላይኛው ወንዝ መውጣት አቃተው፤ ኤቦኒሼልም ከግድቡ በላይ ዘር መተካት አቆመ።

መንግሥት ከመስካቲን አጠገብ ፌርፖርት ላይ የምርምር ጣቢያ ከፍቶ ዓሦችን በዛጎል እጭ እያስያዘ ወንዝ ውስጥ ይለቅ ነበር። ቤፕልም በመጨረሻ ዘመኑ እዚያ ተቀጥሮ ሠርቷል። በ1912 የሞተው ወንዝ ውስጥ ሲሄድ ዛጎል እግሩን ቆርጦት፣ ቁስሉ አመርቅዞበት ነው። በዛጎል ኖሮ በዛጎል መሞቱ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። የብዙ ሰው ሸሚዝ ተቆልፎ የኖረው ግን በነዚህ ዓሦች ስንጥብ ነበር። በኋላ ፕላስቲክ መጣና ንግዱ ከሰመ።

ንቀቱ የመጣው በሌላ በኩል ነው። በ1877 ሩዶልፍ ሄሰል የመንግሥት የዓሣ ኮሚሽንን ወክሎ 345 ካርፕ የሚባሉ ዓሦች ከጀርመን ባልቲሞር አመጣ። ገበሬው ሁሉ ለኩሬው ካርፕ እንዲላክለት ይማጸን ጀመር። በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ካርፑ ወንዙን ሞላ፣ ውኃውን አደፈረሰ፣ ተጠላ። የጠሉት ሰዎች ግን አልለዩም፤ ለምግብ ሲውሉ የኖሩ ነባር ዓሦችን፣ ድረምንም ባፈሎንም፣ ከመጤው ካርፕ ጋር ባንድ መረብ ጎትተው አወጡ። የግዛት መንግሥታት «የማይፈለግ» ዓሣ የሚያስወግዱ ቡድኖች ያሰማሩ ነበር። ፍርዱ የተሰጠው በዓሣው ላይ ሳይሆን በስሙ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ወንዙ ራሱም ተበክሎ ነበር። የሚኒያፖሊስና የሴንት ፖል ፍሳሽ ሳይጣራ ስለሚገባ፣ በ1920ዎቹ ከሁለቱ ከተሞች በታች ዓሣ ማግኘት ብርቅ ሆኖ ነበር። በ1938 የማጣሪያ ጣቢያው ሥራ ጀመረ፣ ውኃው ቀስ በቀስ ተሻለ፣ ዓሣው ተመለሰ። ዛጎሎቹም ተከትለው መጡ፤ ዛጎል በራሱ ሽቅብ አይወጣምና ያመጣው ዓሣ ነው።

አሁን ሴንት ፖል ውስጥ ሂደን ፎልስ በሚባለው መናፈሻ ዳር ተቀምጬ አጠምዳለሁ። በሰኔ ምሽት ወንዶቹ ድረሞች የአየር ከረጢታቸውን በጡንቻ እያንቀጠቀጡ ሲያጉረመርሙ በጀልባ ላሉት በጀልባው ወለል በኩል ይሰማል። የእንቁላል ጊዜያቸው ነው፤ ራፊኔስክ የተባለው ሊቅ በ1819 «የሚያጉረመርም» ብሎ የሰየመው በዚሁ ነው። የጆሮ ድንጋያቸውን ቀለበት የቆጠሩ ተመራማሪዎች በሚኒሶታ ሬድ ሌክ ከ70 ዓመት በላይ የኖረ ድረም አግኝተዋል። ከእኔ የሚበልጡ አሉ ማለት ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ የአገሬ ልጅ ድረም ስይዝ አጠገቤ ቆሞ ሲያይ፣ «እትዬ፣ ይሄ እኮ ቆሻሻ ዓሣ ነው ይላሉ» አለኝ።

«ማን ናቸው የሚሉት?»

«ሁሉም።»

ከመንጠቆው ሳላወጣ ስንጥቡን ቆርጬ ደሙን አፈሰስኩት፤ በረዶ ውስጥ ከተትኩት። ቤት ስገባ ከጎኑ ያለውን ቀይ ሥጋ ላጥኩለትና ነጩን በቃሪያና በሚጥሚጣ ዱለት አደረግሁት። ልጁ በላ፤ ቀጥሎ የጠየቀኝ ሰዓቱንና የትኛው ትል እንደሚሻል ነው። ቅዳሜ ማለዳ ይመጣል።