የሩብ ቀን ሒሳብ፦ ክፍልፋይ በዘመን አቆጣጠር ታሪክ

ክፍልፋዮችንና ድብልቅ ቁጥሮችን መደመርና መቀነስ በልጅነታችን ተምረን ቶሎ የምንረሳው ስሌት ነው። ይሁን እንጂ የዘመን አቆጣጠር ታሪክ ባመዛኙ የአንድ ድብልቅ ቁጥር ታሪክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ይኸውም 365 ከሩብ ነው።

የጥንት ግብፃውያን ዓመቱን 30 ቀን በያዙ 12 ወራትና በ5 ተጨማሪ ቀናት ይቆጥሩ ነበር። ሩብዋ ቀን ስላልተደመረች አቆጣጠራቸው በየ4 ዓመቱ አንድ ቀን፣ በ120 ዓመት አንድ ወር ከወቅቱ ይርቅ ነበር። ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ238 ዓመት፣ በጰጥሎሜዎስ ሣልሳዊ ዘመን፣ በካኖፐስ የተሰበሰቡ ካህናት በየ4 ዓመቱ ስድስተኛ ተጨማሪ ቀን እንዲታከል ቢደነግጉም ድንጋጌው ሳይሠራበት ቀረ። በ46 ዓመት ቅድመ ልደት ዩልዮስ ቄሣር በእስክንድርያዊው ሶሲጌኔስ ምክር ሩብዋን ለሮም አጸናት፤ በአውግስጦስ ዘመን ደግሞ እስክንድርያ ተቀበለቻት። የእኛ 12 ወራትና ጳጉሜን የተወረሱትም ከዚሁ ከእስክንድርያ አቆጣጠር ነው።

የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ክፍልፋይን የያዙበት ዘዴ በተለይ ሊጤን ይገባዋል። ዕለትን በ60 ኬክሮስ፣ ኬክሮስንም በ60 ካልዒት ይከፍላሉ። ስለዚህ ክፍልፋዮቹ ሁሉ አስቀድሞ የጋራ ታህት አላቸው፤ መደመርም የላዕሎች መደመር ብቻ ይሆናል። ሩብ ቀን 15 ኬክሮስ ነው፤ አራት ጊዜ ሲደመር 60 ኬክሮስ፣ ማለትም አንድ ዕለት ይሆናል። ይህችም ዕለት በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ የምትመጣው ጳጉሜን 6 ናት።

መቀነሱም እንዲሁ ነው። ከኬክሮስ በታች ያሉትን ጥቃቅን ትተን፣ ከፀሐይ ዓመት 365 ዕለት ከ15 ኬክሮስ ላይ የጨረቃን ዓመት 354 ዕለት ከ22 ኬክሮስ እንቀንስ። 22 ከ15 ላይ ስለማይነሣ ከ365ቱ አንዱን ዕለት ዘርዝረን 364 ዕለት ከ75 ኬክሮስ እናደርጋለን፤ ቀሪው 10 ዕለት ከ53 ኬክሮስ ነው። ይህ ወደ ሙሉ ሲጠጋ 11 ይሆናል፤ ሊቃውንቱ ጥንተ አበቅቴ የሚሉት ቁጥር ይኸው ነው።

ሆኖም ሩብዋ ራሷ ከልክ ጥቂት ትበልጥ ነበር። ስለዚህ ጳጳስ ጎርጎርዮስ 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1582 ዓመቱን 365 ከ97/400 አደረጉት። ልዩነቱን ለማግኘት ሩብን ወደ 100/400 መለወጥ ያሻል፦ 100/400 ሲቀነስ 97/400 እኩል ይሆናል 3/400፤ ማለትም በ400 ዓመት 3 ቀን። የኒቅያ ጉባኤ ከተደረገበት ከ325 ጀምሮ እስከ 1582 ባሉት 1257 ዓመታት ይህች ኢምንት ክፍልፋይ ከ9 ቀን በላይ አከማችታለች። ስለሆነም በዚያ ዓመት ከጥቅምት (ኦክቶበር) 4 ማግሥት 15 ተባለ፤ 10 ቀናትም ተዘለሉ።

ይህ ያለፈ ነገር ብቻ አይደለም። መስከረም 1 በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ሴፕቴምበር 11፣ ከጳጉሜን 6 በኋላ ሲሆን ደግሞ 12 መዋሉን ለምደነዋል። ይህ ግን ቋሚ ሕግ አይደለም። እ.ኤ.አ. 2100 በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር 366 ቀን ስለማይኖረው፣ ከዚያ ዓመት ጀምሮ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ይውላል፤ ልደትም ከ2101 ጀምሮ በጃንዩወሪ 7 ፈንታ በ8 ይሆናል። መቶ ዓመት እንዲያገለግል ታስቦ ዛሬ የሚሠራ ድልድይ ያንን ቀን ያያል፤ የጥገና መዝገቡም በሁለቱም አቆጣጠር የሚያዝ ይሆናል። የቀን መለወጫ ሠንጠረዥ ወይም የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚያዘጋጅ መሐንዲስ ልዩነቱን እንደ ቋሚ ቁጥር ከጻፈው ስሕተቱን የሚያገኙት እርሱ የማያውቃቸው ሰዎች ናቸው።

በሥራችን ትንሽ ናት ተብላ የምትተው ክፍልፋይ አትጠፋም፤ ትደመራለች እንጂ። ግብፃውያን የተዋትን ሩብ ዘመናት ሰበሰቧት፤ ከሩብዋ የተረፈችውንም 3/400 እንዲሁ። ስለዚህ ክፍልፋይን ከመጣላችን በፊት ስንት ጊዜ እንደምትደመር መጠየቅ ይገባናል።