ዲፔንዳቦት

ዲፔንዳቦት አንድ ፕሮጀክት የሚጠቀምባቸውን የሌሎች ሰዎች ላይብረሪዎች እየተከታተለ፣ አዲስ እትም ሲወጣ ማሻሻያ የሚያቀርብ መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ተጀምሮ በ2019 ጊትሀብ ገዝቶታል። ሬኖቬት የተባለው መሣሪያም ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል።

ያረጀ ላይብረሪ መዘዙ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ኢኩፋክስ ከተባለው የአሜሪካ ድርጅት የ147 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መረጃ የተሰረቀው በአፓቼ ስትራትስ ክፍተት በኩል ሲሆን፣ ማስተካከያው በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ወጥቶ ነበር።

የመሣሪያው ማዋቀሪያ በፕሮጀክቱ ውስጥ የሚቀመጥ የያምል ፋይል ነው። በውስጡ እንደ ኤንፒኤም ወይም ፒፕ ያለው የጥቅል አስተዳዳሪ፣ የላይብረሪዎቹ ዝርዝር ያለበት ማውጫና የፍተሻው ድግግሞሽ ይጻፋሉ። ሳምንታዊ ፍተሻ ቀን ካልተመረጠለት ሰኞ ይካሄዳል። በኢትዮጵያ ሰዓቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የሰዓት ክልል ካልተጠቀሰ ዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሚወሰድ «06:00» የተባለው ፍተሻ እዚህ ከጧቱ 3 ሰዓት ላይ ይውላል፤ ክልሉ አዲስ አበባ ከተባለ ግን ንጋት 12 ሰዓት ይሆናል።

ዲፔንዳቦት ዋናውን ኮድ በራሱ አይለውጥም፤ ፑል ሪኩዌስት ከፍቶ የባለቤቱን ውሳኔ ይጠብቃል። ካልተቀየረ በስተቀር ለመደበኛ ማሻሻያ በአንድ ጊዜ ከ5 በላይ አይከፍትም። ጥቃቅን ማሻሻያዎችን በቡድን ማጠቃለልም ይቻላል፤ ይህ ካልተደረገ ጥያቄው በዝቶ ሳይነበብ መጽደቅ ይጀምራል።

አዲስ የሆነ ሁሉ ደኅና አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ኢቨንት ስትሪም በተባለ ታዋቂ የኤንፒኤም ጥቅል ውስጥ የቢትኮይን ቦርሳ የሚሰርቅ ኮድ ገብቶ ተገኝቷል። ስለዚህ አዲስ እትም ጥቂት ቀን እስኪቆይ እንዲጠበቅ ማዘዝ ይቻላል፤ የደኅንነት ማስተካከያዎች ግን ይህን ቆይታ አይጠብቁም።