ጣሪያው ቅጠል የነበረ ችሎት

ፍርድ ቤት ሲባል በሐሳባችን የሚመጣው የድንጋይ ግንብና ከፍ ያለ የዳኛ ወንበር ነው። የባሌ ጥንታዊ ችሎት ግን ምሰሶው የሾላ ግንድ፣ ጣሪያው ቅጠል ነበር። ከአምስቱ ታላላቅ የኦሮሞ ኦዳዎች አንዱ የሆነው ኦዳ ሮባ የሚገኘው በዚሁ ምድር ነው። ሥልጣን በየ8 ዓመቱ በሚሸጋገርበት በገዳ ሥርዓት፣ ጨፌው ከዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሕግ ይደነግግ፣ ሙግትም ይሰማ ነበር። ግድግዳ ስላልነበረ ክርክሩም ፍርዱም ለተሰበሰበው ሁሉ ግልጽ ነበር።

በ1934 ዓ.ም. የወጣው የፍትሕ አስተዳደር አዋጅ በየደረጃው የመንግሥት ፍርድ ቤቶችን አቋቋመ። ባሌ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከሐረርጌ ተለይታ ጠቅላይ ግዛት ስትሆን ዋና ከተማዋ ጎባ ሆነች። ይሁን እንጂ በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አማርኛን የመንግሥቱ ቋንቋ አድርጎ ስለ ነበር፣ ቋንቋውን የማያውቅ ገበሬ ስለ ገዛ መሬቱ የሚሟገተው በአስተርጓሚ አፍ ነበር። ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. ባሌን ላናወጠው አመፅ የመሬትና የግብር በደል ዐቢይ መነሻ መሆኑን ስናስታውስ፣ በዳኛና በባለጉዳይ መካከል የነበረው ርቀት ምን ያህል እንደ ከበደ እንረዳለን።

ዛሬ የዞኑ መቀመጫ በሆነችው በሮቤ ችሎት የሚመራው በአፋን ኦሮሞ ነው። የችሎት ክብሩ የግንቡ ከፍታ ሳይሆን የተከራካሪው ቃል መደመጡ መሆኑን ኦዳው አስቀድሞ አስተምሮናል።