ለመምህርነት የቃል ፈተና ዝግጅት፦ ለሀደሮና ለአካባቢው አመልካቾች

ለመምህርነት የሥራ መደብ አመልክተው ለቃል ፈተና የተጠሩ ዜጎች ከፈተናው ቀን በፊት የሚከተሉትን እንዲያሟሉ ይመከራል።

ሰነድ፦ የትምህርት ማስረጃ፣ የውጤት መግለጫ፣ መታወቂያና የሥራ ልምድ ደብዳቤ (ካለ) ከነቅጂያቸው ይያዙ። ስምዎ በሁሉም ሰነዶች ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን ያረጋግጡ። ልዩነት ካለ በፈተናው ዕለት ሊታረም ስለማይችል ማስረጃውን ለሰጠው ተቋም አስቀድመው ያመልክቱ።

የማስተማር ችሎታ፦ ፈታኞች አንድ ርዕስ ሰጥተው በአጭሩ እንዲያስተምሩ ሊጠይቁ ይችላሉ። ስለሆነም ከክፍሉ የመማሪያ መጽሐፍ አንድ ምዕራፍ መርጠው የ40 ደቂቃ የትምህርት ዕቅድ ያዘጋጁ፤ ዓላማው፣ መግቢያው፣ የተማሪው ተግባርና ምዘናው በግልጽ ይታዩ። ዕቅዱን ጮክ ብለው ይለማመዱት።

የሚጠበቁ ጥያቄዎች፦ ተማሪ የበዛበትን ክፍል እንዴት ይመራሉ? መጽሐፍ ሲያጥር ምን ያደርጋሉ? ወደ ኋላ የቀረን ወይም ልዩ ፍላጎት ያለውን ተማሪ እንዴት ይደግፋሉ? መልስዎን በተግባር ልምምድ ወቅት ባጋጠመዎት እውነተኛ ሁኔታ ያስደግፉ።

ቋንቋ፦ በአንደኛ ደረጃ የመጀመሪያ ክፍሎች በአፍ መፍቻ ቋንቋ ስለሚማሩ በከምባቲሳ ወይም በሀዲይሳ ለማስተማር የሚያመለክቱ የትምህርቱን ቃላት በዚያው ቋንቋ ይከልሱ።

ጉዞ፦ ፈተናው በዱራሜ ወይም በሆሳዕና ከሆነ በዋዜማው መድረስ ይመረጣል።

ቅጥር በውድድር እንጂ በገንዘብ አይገኝም። ጉቦ ለሚጠይቅ ግለሰብ አይክፈሉ፤ በውጤቱ ቅሬታ ካለዎት በጊዜ ገደቡ ውስጥ ለቀጣሪው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ያቅርቡ።