ጨው ገንዘብ በነበረበት አገር አይብ በምን ይቆያል?

«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ ያለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» ይላል ያገሬ ሰው። ተረቱን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ጨው ከመጣፈጡና ከድንጋይነቱ ሌላ ሦስተኛ ባሕርይ እንደ ነበረው ግን እንዘነጋለን፤ ጨው ገንዘብ ነበር። ከአፋር በረሃ ተቆርጦ፣ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ፣ ደጋውን ወጥቶ ጎጃም የሚደርሰው አሞሌ እንደ ዛሬው ብር ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር። ሙሉ ከሆነ ይሸመትበታል፤ የተሰበረው ዋጋው ወርዶ ወደ ወጥ ይገባል። ቀኑን በባንክ መስኮት ብር ስቆጥር ለምውል ለእኔ ይህ ታሪክ የተለየ ትርጉም አለው። መቶ ብር ቆርጦ ድስት ውስጥ የሚጨምር ሰው አላየሁምና!

ከዚህ የሚከተል አንድ ጥያቄ አለ። በብዙው ዓለም አይብን የሚያቆየው ጨው ነው። የግሪኮች ፌታ የሚኖረው በጨው ውሃ ውስጥ ነው፤ የጣሊያኖች ፓርሚጃኖም ለእርጅና ከመቀመጡ በፊት በጨው ውሃ ተነክሮ ይሰነብታል። ጨው ገንዘብ በሆነበት አገር ታዲያ አይብ በምን ይቆያል?

መልሱን በአዊ ምድር እናገኘዋለን። ሰባት ቤት አገው፣ ማለትም አንካሻ፣ አዘና፣ ባንጃ፣ ጫራ፣ ቋቁራ፣ መተከልና ዚገም፣ ከጥንት ጀምሮ የከብትና የማር ባለጸጋ ነው። የዓባይን ምንጭ ፍለጋ እ.ኤ.አ. በ1770 ግሽ ዓባይ የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ፣ ጎንደር ከተማ ለዕለት ኑሮዋ በአገው ላይ ተደግፋ እንደምትኖር ጽፏል። በአንድ ጊዜ ከሺህ እስከ ሺህ አምስት መቶ የሚሆን ሕዝብ ቅቤና ማር፣ ስንዴና ሰም፣ ቆዳና ከብት ይዞ በየተራ ወደ ከተማዪቱ ይጎርፍ ነበር።

ብሩስን ያስደነቀው ታዲያ የሸክሙ ብዛት ብቻ አልነበረም። ያን ሁሉ መንገድ በፀሐይ የተጓዘ ቅቤ ሳይበላሽ መድረሱ ነበር። ምስጢሩን ጠይቆ መቅመቆ ከተባለች ተክል ሥር ላይ ደረሰ፦ ካሮት የምትመስል፣ ቢጫ ሥር፤ ተወቅጣ ጥቂት ብትጨመር ቅቤውን ለብዙ ጊዜ ታቆየዋለች። ቀጥሎም ጨው በዚህ አገር ገንዘብ መሆኑን ያስታውስና የመቅመቆን ጥቅም ከዚያ ጋር ያያይዘዋል። የአገው ባላገር ገንዘቡን በቅቤ ውስጥ አያሟሟም፤ ተራራው በነጻ የሰጠውን ሥር ይወቅጣል እንጂ።

ብሩስ የጻፈው ስለ ቅቤ ነው። ይሁን እንጂ ቅቤውን የናጠች እጅ አይቡንም ታወጣለች። ቅቤው ከተነሣ በኋላ የቀረው አሬራ በለዘብታ እሳት ሲሞቅ አይቡ ከአጓቱ ይለያል። ትኩስ አይብ ግን ዕድሜው አጭር ነው፤ ከጥቂት ቀን አያልፍም። በጎጃምና በአዊ መጣጣ አይብ የሚሉት ሙያ የመጣው ከዚህ ላይ ነው። አይቡ በቅል ወይም በሸክላ ዕቃ ይጠራቀማል፤ አጓቱ በየጊዜው ይንጠፈጠፋል፤ በላዩ አዲስ አይብ ይጨመራል፤ እንደ ቤቱ ልማድ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ኮሰረት ይገባበታል። ሳምንታት ካለፉ በኋላ ዕቃው ይታሸጋል። ውሃው እየመጠጠ፣ ኮምጣጣነቱ እየበረታ ሲሄድ የሚያበላሹት ጥቃቅን ነፍሳት መኖሪያ ያጣሉ። በደንብ የተያዘ መጣጣ አይብ ወራትን አልፎ ዓመታትን ይዘልቃል። ዛሬ ጨው ስለ ረከሰ ጨው የሚጨምሩበት ቢኖሩም፣ የሥራው መሠረት ማጠንፈፍ፣ ማኮምጠጥና ማቀመም ነው።

አይቡን ለምን ማስረጀት አስፈለገ? በእኔ እምነት ዋናው መልስ ጾም ነው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን በዓመት ወደ 180 ቀን፣ ካህናቱና መነኮሳቱ እስከ 250 ቀን ከወተትና ከሥጋ ይከለከላሉ። ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው። ላሟ ግን አትጾምም! ባለቤቶቿ ሽሮ እየበሉ እሷ ትታለባለች፤ ወተቱ ይረጋል፣ ይናጣል፣ አይቡ ይወጣል፤ የሚበላው ግን የለም። ቅቤው እስከ ፋሲካ ይጠብቃል፤ አይቡም እንዲጠብቅ መማር ነበረበት። ሌላው ዓለም ክረምትን ለመሻገር አይቡን ሲያስረጅ፣ የእኛ እናቶች ሁዳዴን ለመሻገር አስረጁት ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ይኸው አይብ የማያውቀው ገበታ የለም። በአገራችን ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። በአውሮፓ ብዙ የቆየ አይብ በልማድ የሚረጋው ከታረደ ጥጃ ጨጓራ በሚወጣ ማርጊያ ነው፤ ስለዚህ እዚያ እንዲህ ያለው አይብም ቢሆን ከቢላዋ አያመልጥም። የእኛ አይብ ግን የሚረጋው በራሱ ኮምጣጣነትና በእሳት ብቻ ነው። ደም አልነካውም። ለፋሲካም፣ ለረመዳን ማፍጠሪያም፣ ሥጋ በቃኝ ላለ ሰውም ያለ ጥያቄ ይቀርባል።

አሁን ደግሞ ሌላ ዓይነት ጾም መጥቷል፤ ስሙ በሐኪምና በስልክ መስታወት በኩል የሚደርሰን። ኬቶ የያዘ ወዳጄ «አይብ ቅባት ነውና ተፈቅዶልኛል» ይለኛል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በተሠራ ምርመራ ትኩስ አይባችን 79 በመቶው ውሃ፣ ወደ 15 በመቶው ፕሮቲን ሲሆን ቅባቱ 2 በመቶ እንኳ አይሞላም። ቅባቱን ቅቤው ይዞት ሄዷል! የእኛ አይብ ቅባት ለሚሸሽ ይስማማል እንጂ ቅባት ለሚፈልግ አይደለም። ጨውን በተመለከተ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሁሉ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይመክራል። በባሕር ማዶ ያለው ዘመዳችን ከክትፎው ጎን ፌታ ሲያስቀምጥ፣ ከዚህ መጠን ከፊሉን በአንድ ገበታ ይጨርሰዋል። መቅመቆ ወቅጠው ጨዋቸውን የቆጠቡ ሰዎች ልጅ ጨው በብዛት ገዝቶ ይበላል ማለት ነው።

ፌታ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ስሙ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ለግሪክ ተጠብቋል። ስለ መጣጣ አይብም እ.ኤ.አ. በ2013 ይዘቱንና ጥቃቅን ነፍሳቱን የመረመረ ጥናት ታትሟል። ስንት ቀን እንደሚጠነፈፍ፣ የትኛው ቅመም መቼ እንደሚገባ፣ ቅሉ በምን እንደሚታጠን የሚያውቁት ግን እንጅባራና ዳንግላ፣ በየገጠሩ ያሉ እናቶች ናቸው። አሞሌ ከገንዘብነት ሲወርድ ቢያንስ በየሙዚየሙ ጥቂት ቀርቶልናል። የእናቶቻችን ሙያ በሙዚየም አይቀመጥም። አያት ያለው አንባቢ ሳይዘገይ ይጠይቅ፤ የሰማውንም ይጻፍ።