ከገል ወደ ፌስታል፦ የጎንደር አፈርና አዲሱ ስብርባሪ

ጎንደር በ1628 ዓ.ም. ገደማ በአፄ ፋሲል ከተቆረቆረች ጀምሮ ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ የነዋሪዎቿ መያዣና መሸከሚያ ከአፈር፣ ከቆዳ፣ ከሣርና ከቅል ይሠራ ነበር፤ ውሃ በእንስራ፣ እህል በስልቻና በአቁማዳ፣ የመንገድ ስንቅ በአገልግል ይያዝ የነበረ ሲሆን፣ በሸክላ ሥራ በከተማዋ አጠገብ ያለችው የወለቃ መንደር ቤተ እስራኤል ሴቶች የታወቁ ነበሩ። እነዚህ ዕቃዎች ሲያረጁ ከጓሮ፣ ከገደል አፋፍ ወይም ከወንዝ ዳር ይጣላሉ፤ ቆዳውን ምስጥ፣ ሣሩን ዝናብ ሲጨርሰው ዘመን የሚሻገረው የሸክላው ስባሪ፣ ማለትም ገል ብቻ ነበር፤ እርሱም ቢሆን ያው የተተኮሰ አፈር ነው።

በ1947 ዓ.ም. በከተማዋ የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከጤና መኮንኖችና ከነርሶች ጋር የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችንም ማሠልጠን ሲጀምር፣ የዘመኑ ሥጋት ወባ፣ ተስቦና የተበከለ ውሃ ስለነበረ፣ አደገኛ ተብሎ የሚፈራው የሚበሰብሰው ቆሻሻ ነበር፤ የማይበሰብሰው ገና መልክ አልያዘም።

ፕላስቲክ ወደ ደጋው የዘለቀው በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ነው። በ1983 ዓ.ም. እጅግ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል መሄዳቸው የወለቃን የሸክላ ሙያ ቢያሳሳውም፣ ጀሪካን እንስራን ያሸነፈው ሠሪ በመጥፋቱ ሳይሆን ቀላልና የማይሰበር በመሆኑ ነው፤ ከምንጭ ውሃ ቀድታ ዳገት ለምትወጣ ሴት ይህ ትንሽ ነገር አይደለምና፣ የፕላስቲክን ታሪክ የጥፋት ታሪክ ብቻ አድርጎ መጻፍ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ከጀሪካን ጋር ፌስታል፣ ሃይላንድ እየተባለ የሚጠራው የውሃ ጠርሙስና ከፕላስቲክ ክር የተሸመነው የማዳበሪያ ከረጢት ተከታትለው ገቡ። የተለወጠው ዕቃው ነው፤ የአጣጣል ልማዱ ግን እንደ ቀድሞው ቀጠለ፤ ችግሩም የተወለደው ከዚህ ነው እንጂ ሕዝቡ ከአባቶቹ ይልቅ ንጽሕና ስለጠላ አይደለም።

ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚበረታው የፀሐይ ጨረር የተጣለውን ፌስታልና ከረጢት ያደርቀዋል፣ ይሰነጣጥቀዋል፤ የእግርና የተሽከርካሪ ፍጭት ደግሞ ያደቅቀዋል፤ ከ5 ሚሊ ሜትር ሲያንስ ተመራማሪዎች ማይክሮፕላስቲክ ይሉታል። የባጃጅና የመኪና ጎማም ከአስፋልቱ ጋር ሲፋተግ ተመሳሳይ ብናኝ ያራግፋል፤ ይህኛው ማንም ሳይጥለው የሚጣል በመሆኑ በመጥረጊያ ዘመቻ የሚያልቅ አይደለም። ብናኙ በበጋ ከአቧራ ጋር ይነሣል፣ በክረምት ጎርፍ በቀሀና በአንገረብ ወንዞች ወደ መገጭ ወርዶ የጣናን መንገድ ይይዛል። በዝዋይ ሐይቅ ተካሂዶ በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በዓሦች ሆድና በሐይቁ ደለል ውስጥ የፕላስቲክ ቅንጣት ማግኘቱን ልብ ይሏል።

በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር በታች የሆኑ ፌስታሎችን ቢከለክልም ገበያው ብዙም አልሰማውም፤ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ክልከላውን አጥብቆታል፤ ይሁንና ሁለቱም አፈር ውስጥ የገባውን አያወጡም። የአንገረብ ግድብ ደለል በየክረምቱ ሲደራረብ የኖረ በመሆኑ፣ ከላይ ካሉት የእርሻ ተዳፋቶች የታጠበው ምን እንደሆነና መቼ እንደመጣ በየንብርብሩ ሊያሳይ ይችላል፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደለሉ ተጠርጎ ከመጣሉ በፊት ናሙናውን ቢያወጡ ለታሪክም ለጤናም ይበጃል።