ስለ ምድር መናወጥና ስለ ድኻ ሰው ቤት

ምድር በተናወጠች ጊዜ በሜዳ የቆመ እረኛ ወድቆ ይነሣል እንጂ ብዙ ጊዜ አይሞትም፤ በቤቱ የተኛ ሰው ግን ግንቡና ጣራው ተንዶበት ይሞታል። ስለዚህ አብዛኛውን ሰው የሚገድለው የምድሪቱ መናወጥ ሳይሆን ሰው በገዛ እጁ የሠራው ቤት ነው። ይህም እውነት ከሆነ፥ ከሞት የሚያድን ቤት መሥራት ደግሞ በሰው እጅ ያለ ሥራ ነው ማለት ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለው ቤት በብረትና በሲሚንቶ ብቻ የሚሠራ፥ ለባለጸጋም ብቻ የሚቻል የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እንዲህ አለመሆኑን የሚያስረዳ በፔሩ ሀገር የሆነ ታሪክ አለና ለአንባቢዎቻችን ባጭሩ እንጽፋለን። የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ፔሩ በደቡብ አሜሪካ በምዕራብ በኩል በታላቁ ውቅያኖስ ዳር ያለች ሀገር ናት። ከባሕሩ በታች ያለው የምድር ንጣፍ ወደ ምሥራቅ እየገፋ ከሀገሪቱ በታች ስለሚገባ፥ የተጠራቀመው ኃይል በሚለቀቅበት ጊዜ ምድሪቱ በብርቱ ትናወጣለች። በባሕሩ ዳር ዝናም እጅግ ጥቂት ነው፤ ዛፍም አይበዛም። ስለዚህ ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ ቤቱን የሚሠራው በሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው በፀሐይ በደረቀ የጭቃ ጡብ ነው። ሁለተኛው እንጨት አቁሞ፥ በማገር ፈንታ ሸምበቆ ጠፍሮ፥ በጭቃ መምረግ ነው፤ ይህነንም በሀገሩ ቋንቋ ኪንቻ ይሉታል። የኛን ሀገር የጭቃ ቤት ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

እስጳንያውያን ሀገሩን ከያዙ በኋላ በ1535 የሊማን ከተማ ቈርቍረው፥ እንደ አባቶቻቸው ልማድ ከፍ ያለ ቤትና የከበደ የጡብና የድንጋይ ቅስት ያለበትን ቤተ ክርስቲያን ሠሩ። ምድሪቱ ግን ይህነን ልማድ አልተቀበለችውም። በ1655 ከተማይቱ ተናውጣ ብዙ ግንብ ሲወድቅ፥ ከአንጎላ የመጣ አንድ ባሪያ የተሰቀለውን ጌታ የሣለበት የጭቃ ግንብ ሳይወድቅ ቀረ ተብሎ ይተረካል፤ እስከ ዛሬም የሥዕሉ ቅጅ በየዓመቱ በኦክቶበር ወር በታላቅ ሕዝብ ታጅቦ ከተማውን ይዞራል። በ1656 ደግሞ የፍራንቼስኮስ ማኅበር መነኮሳት ቤተ ክርስቲያን ተናደ። እንደ ገና ሲሠራ ኮንስታንቲኖ ዴ ቫስኮንሴሎስ የተባለው ፖርቱጋላዊ መሐንዲስ ቅስቱን በጡብ ማድረግን ትቶ፥ የእንጨት አጥንት አቁሞ ሸምበቆ ጠፍሮበት በጭቃና በጄሶ ለበጠው። ከታች ሆኖ ቀና ብሎ ለሚያየው ሰው የከበደ ግንብ ይመስላል፤ ነገሩ ግን የድኻው ቤት ግድግዳ ነበረ። ያም ቤተ ክርስቲያን በ1687 እና በ1746 የሆኑትን ታላላቅ መናወጦች ችሎ ቆመ።

በ1746 በኦክቶበር 28 ቀን ከምሽቱ በአራት ሰዓት ተኩል የሆነው መናወጥ ግን ሊማን አፈረሳት። ከ3000 ያህል ቤቶች መካከል ሳይፈርሱ የቀሩት 25 ብቻ እንደ ነበሩ ተጽፏል። ጥቂት ቈይቶም ባሕሩ ተነሥቶ የካያኦን ወደብ ከነሕዝቧ አጠፋ። በዚያን ጊዜ የእስጳንያ ንጉሥ እንደራሴ የነበረው ማንሶ ዴ ቬላስኮ፥ የምድርን ቅርጽ ለመለካት ወደዚያ አህጉር ከሄዱት ሊቃውንት አንዱ የሆነውን ፈረንሳዊውን ሉዊ ጎዴንን ምክር ጠየቀው። ጎዴንም መንገዱ ሰፊ፥ ቤቱ ዝቅተኛ ይሁን፤ ፎቅ ሁሉ ይቅር ብሎ መከረ። መኳንንቱ ግን ፎቁ የክብራቸው ምልክት ስለ ነበረ እንቢ ብለው ተከራከሩ። በመጨረሻ የተገኘው መታረቂያ፥ ምድር ቤቱ በጭቃ ጡብ፥ ፎቁ ግን በኪንቻ ይሠራ የሚል ሆነ። ስለዚህም መኳንንቱ ክብራቸውን ያቆዩት ከድኻው ጎጆ በተወሰደ ጥበብ ነው።

የዚህ ጥበብ ምክንያት ቀላል ነው። መናወጡ ቤቱን የሚገፋው እንደ ቤቱ ክብደት መጠን ነው፤ የከበደ ግንብ ብዙ ይገፋል፥ የቀለለ ግድግዳ ጥቂት ይገፋል። ደግሞም የጭቃ ጡብ ሸክም ይችላል እንጂ መሳብን አይችልም። ቤቱ ሲወዛወዝ አስቀድሞ ማዕዘኑ ይሰነጠቃል፤ አራቱ ግንቦች ይለያያሉ፤ እያንዳንዱም ለብቻው ወደ ውጭ ይወድቃል፥ ጣራውም በሰው ላይ ይወርዳል። እንጨትና ሸምበቆ ግን እርስ በርሳቸው ስለ ታሰሩ ይጐብጣሉ እንጂ ቶሎ አይለያዩም። ጭቃው ቢረግፍም አጥንቱ ጣራውን ይዞ ይቆማል፤ ሰውም ለመውጣት ጊዜ ያገኛል።

በተራራው ሀገር የሚኖረው ድኻ ገበሬ ግን ምንም ማሰሪያ በሌለው የጭቃ ጡብ መሥራቱን አልተወም፤ ከእግሩ በታች ካለው አፈር በቀር የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውምና። የዚህም ዋጋ በ1970 በሜይ 31 ቀን ተከፈለ። በዚያን ቀን ከዋስካራን ተራራ የተናደው በረዶና ድንጋይ የዩንጋይን ከተማ ቀበረ፤ የጌታ ሐውልት ወዳለበት ወደ መቃብሩ ኰረብታ ከወጡት በቀር የዳነ ጥቂት ነው። በዋራስ ከተማና በየመንደሩ ግን ብዙዎችን የገደለው የጭቃው ጡብ ነው። በጠቅላላው 70,000 ያህል ሰው አለቀ።

ከዚህ በኋላ በሊማ ያለው የካቶሊካውያን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት፥ ድኻው የማይገዛውን ዕቃ ከማዘዝ ይልቅ ድኻው ያለውን ጭቃ መመርመር ጀመሩ። በ1984 ምድርን አስመስሎ የሚያናውጥ መድረክ አቁመው፥ በላዩ ቤት እየሠሩ አናወጡት። በግንቡ ውስጥ ቁምና አግድም ሸምበቆ ቢገባ፥ በራሱም ላይ ዙሪያውን የሚያስር እንጨት ቢጋደም፥ ቤቱ ቢሰነጠቅ እንኳ እንደማይናድ አዩ። ቀድሞ ለተሠራው ቤት ደግሞ ማዕዘኑንና የግንቡን ራስ በሽቦ መረብ አልብሶ በሲሚንቶ መለሰን ዘዴ አገኙለት። በ1998 በልዩ ልዩ አውራጃ ጥቂት ቤቶችን እንዲሁ አጠናከሩ። በ2001 በጁን ወር የደቡቡ ፔሩ በተናወጠ ጊዜ፥ ጎረቤቶቻቸው ሲፈርሱ እነዚያ ቤቶች ቆሙ። ሊቃውንቱም በዚህ ሳይወሰኑ፥ የናይሎን ገመድ በግንቡ ውስጥና ውጭ እንደ መረብ ጠምጥሞ ማሰርን እስከ መሞከር ደረሱ።

እንግዲህ ዕውቀቱ ከተገኘ መከራው ለምን አልቀረም? በ2007 በኦገስት 15 ቀን የፒስኮ ከተማ ስትናወጥ ከ500 በላይ ሰው ሞተ፤ ከእነዚህም ከመቶ የሚበልጡት በቅዱስ ቀሌምንጦስ ቤተ ክርስቲያን ለጸሎት የቆሙ ነበሩ። መንግሥት ቤቱ ለፈረሰበት ቤተሰብ 6000 ሶል የዕቃ መግዣ ሰጠ። ነገር ግን ገንዘቡ ሙሉ ቤት ለመጨረስ ስላልበቃ ብዙው ግንብ ተጀምሮ ቀረ፤ የቦታ ደብተር የሌለውና በኪራይ የሚኖረውም ዕርዳታውን ለማግኘት ተቸገረ። ገንዘብ ያለ አስተማሪ ግንብን ያቆማል እንጂ አያስርም፤ ትምህርትም ያለ ገንዘብ በመጽሐፍ ተጽፎ ይቀራል። ሁለቱ አብረው በባለቤቱ እጅ ሲገቡ ብቻ ቤቱ ይጸናል። ጠራቢውና ጭቃ መራጊው ያልሰማው ዕውቀት ማንንም አላዳነም።

ይህ ነገር ለእኛም ሩቅ አይደለም። በ1961 በካራ ቆሬ አካባቢ በሆነው መናወጥ የማጀቴ ከተማ ፈርሳለች፤ በ1969 በአፋር ምድር ያለችው ሰርዶ ወድማለች፤ ከ2024 መጨረሻ እስከ 2025 መጀመሪያም በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ምድሪቱ ደጋግማ ስለ ተናወጠች በብዙ ዐሥር ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ቀዬውን ትቶ ተሰዷል። እንዲህ ያለ መከራ ሲሆን የሞቱትን ኃጢአተኞች ናቸው ብሎ የሚፈርድ አይጠፋም። ጌታችን ግን የሰሊሆም ግንብ የወደቀባቸውን ዐሥራ ስምንቱን ሰዎች አንሥቶ ከሌሎች የባሱ በደለኞች እንዳልነበሩ አስተምሯል። ስለዚህ በሞተው ላይ መፍረድን ትተን፥ ንስሓ ገብተን በሕይወት ላለው ቤት ልናስብለት ይገባናል።

የአባቶቻችን የእንጨትና የጭቃ ግድግዳ በወግ ከተሠራ የሚናቅ አይደለም። የሚጎዳው እንጨቱ በምስጥ ሲበላ፥ ማገሩ ሲላላ፥ ጣራው ከግድግዳው ጋር ሳይታሰር ሲቀር፥ ወይም ለክብር ተብሎ የከበደ ድንጋይ በጭቃ ብቻ ሲደረደር ነው። ካህናት ሕዝቡን ሰብስበው ቤተ ክርስቲያን በሚያሠሩበት ጊዜ፥ ማዕዘኑ የታሰረ ጣራውም የቀለለ እንዲሆን ጠንቅቀው ቢያሠሩ፥ ምእመኑ ያየውን ወደ ቤቱ ይዞ ይሄዳል፤ የሊማ መነኮሳት ከድኻው የተማሩትን የእኛ ካህናት መልሰው ለድኻው ያስተምሩታል ማለት ነው። ለዚህም ሥራ እግዚአብሔር ልቡናችንን ያንቃን።